አማቴ ሰገሌ የዘመቱ ዕለት

ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሙ የድዱን ልክ ወስዶ ይልክልኛል፣ እኔ በጀሶ እቀርጸውና አክሪሊክ በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ሠርቼ፣ ጥርሱን ደርድሬ እመልስለታለሁ። ላቦራቶሪዬ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ የእንጨት ሰገነት ያለው አሮጌ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ከጀርባው ባሉት ሁለት ክፍሎች ደግሞ ከባለቤቴ ጋር እንኖራለን። በዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ስንትና ስንት ሰው ጥርስ እንደሠራሁ አላስታውስም። የተዋጋሁትን ጦርነት ግን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ።

ነገሩ በስልክ ነው የተጀመረው። አንድ ቀን ምሳዬን እየበላሁ ስልኬን ስጎረጉር፣ ሸበቶ ፈረንጆች ትልቅ ጠረጴዛ ከበው፣ የጣት አንጓ የሚያህሉ ወታደሮች ደርድረው፣ ድሮ የተደረገ ጦርነት እንደገና ሲዋጉ አየሁ። ወታደሩ ምን ያህል እንደሚራመድ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካሉ፣ ተኩሱ መምታት አለመምታቱን ደግሞ ዳይስ በሚሉት፣ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ባለው ጠጠር ይወስናሉ። ሲከራከሩ ለጉድ ነው። እኔ ደግሞ ፊት ለፊቴ ጀሶ፣ ሰም፣ አክሪሊክና ለጥቃቅን ሥራ የሚሆን መሣሪያ ሁሉ ተደርድሯል። ከሰዓት በኋላ አንድ ታካሚ ጥርሱን ሲጠብቅ ዋለ፤ እኔ ወታደር እሠራ ነበር።

የመጀመሪያው ወታደሬ ሮዝ ነበር፤ የተሠራው ከድድ አክሪሊክ ነዋ። ጓደኛዬ መጥቶ በሁለት ጣቱ አንሥቶ አገላበጠው። አብሮ አደጌ ነው፣ የአራዳ ልጅ፣ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር።

«ይኼ ወታደር ነው ወይስ የድድ በሽታ?» አለኝ።

አሹፎ የሚቀር መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን የሚስቱን የጥፍር ቀለም፣ ነጭም ቡናማም፣ በኪሱ ሞልቶ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት የሰፈራችን ገሚሱ ሲፈርስ ጎረቤት ትቶት የሄደውን የሳንቃ በር ተሸክመን ፎቅ አወጣንና በሁለት በርሜል ላይ አጋደምነው። አረንጓዴ ብርድ ልብስ አለበስነው። ከብርድ ልብሱ ሥር መጽሐፍ ስንከት ኮረብታ ሆነ፣ ሰማያዊ ሪባን ስንዘረጋ ወንዝ ሆነ። መምህሩ በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ሰገሌን የመረጠው እሱ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የወሎና የሸዋ ጦር የተዋጋበት ሜዳ ነው። የወሎው ንጉሥ ከዙፋን የወረደውን ልጃቸውን ሊመልሱ ወደ አዲስ አበባ ዘመቱ፤ በመጀመሪያው ግጥሚያ ድል አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ ግን መገስገሱን ትተው ቀናት ቆሙ። እነሱ ቆመው ሳለ የሸዋ ጦር ተጠናከረና ሰገሌ ላይ አሸነፈ። «ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ለብርድ ልብስ ይመቻል» አለ መምህሩ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ችግሩ ሁለታችንም የሸዋ ሰዎች መሆናችን ነበር። እኔ የቡልጋ፣ እሱ የሰላሌ። ወሎን ማን ይሁን ተባብለን ሳንቲም ወረወርንና ዕጣው ለእሱ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ እሑድ በመጣ ቁጥር እሱ ይሸነፋል፣ እኔ የወደቁትን ወሎዬዎች እያፈስኩ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እጨምራለሁ። ኳ፣ ኳ ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚህ መሃል አማቴ ከደሴ መጡ። ወድቀው ዳሌያቸው ተጎድቶ ነበርና እዚህ እየታከሙ እኛ ጋ እንዲቀመጡ ተባለ። ሰማንያን ያለፉ፣ ቀጭን፣ አንደበታቸው የሚጣፍጥ ሴት ናቸው። ፀሐይ የሚገባው በሰገነቱ በኩል ስለሆነ ወንበራቸው ላቦራቶሪው ውስጥ ተደረገ። የመጀመሪያውን እሑድ ዝም ብለው አዩን። በሁለተኛው ግን አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ይኼ ሁሉ አሻንጉሊት የማን ነው?»

«የእኔና የመምህሩ ነው፣ እማማ።»

«የሁለት ሽበታም?» አሉና ሳቁ። «ለመሆኑ ጨዋታው ምንድን ነው?»

«ጦርነት ነው። የሰገሌን ጦርነት ነው የምንጫወተው።»

ሳቃቸው ቆመ። የሻይ ብርጭቆውን ወንበሩ አጠገብ አስቀመጡና ጠረጴዛውን እንደ አዲስ አዩት። ከዚያ የብስኩት ቆርቆሮውን አዩ።

«አያቴ እዚያው ነው የቀረው» አሉ። «እናቴ ያኔ ጡት አልጣለችም። ሬሳው የት እንደወደቀ እንኳ የነገረን የለም።»

መምህሩ ዳይሱን ኪሱ ከተተ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ስንት እሑድ ሙሉ የሴትየዋን አያት እየገደልኩ ቆርቆሮ ውስጥ ስወረውር ከርሜአለሁ። ያን ዕለት ጨዋታው ተበተነ። ጠረጴዛውንም አንሶላ አለበስኩት።

ሐሙስ ዕለት ጥርስ እያለሰለስኩ ሳለ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ሬሳ ይመስል ለምን ሸፈናችሁት?»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ማን ከፋኝ አለህ? ግለጠው። ይልቅ ከቻልክ አያቴን ሥራልኝ።»

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሳቸው እየነገሩኝ ሠራሁት። እሳቸውም አያታቸውን አላዩትም፤ የሚያውቁት አያታቸው፣ የሟቹ ሚስት፣ ስትነግራቸው ነው። ፈረሱ ዳማ ነው። ሰጋጅ ስለሆነ ነጭ ቆብ ያደርጋል፤ የአማቴ ቤተሰብ እንደ ብዙው የወሎ ሰው ግማሹ እስላም ግማሹ ክርስቲያን ነው። ጎራዴውን በግራ ጎኑ ሳደርግለት «አይ አንተ የከተማ ልጅ! በቀኝ ነው» ብለው አስፈቱኝ። ሁሉን ጨርሼ ስሰጣቸው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና፣

«ፍንጭቱስ?» አሉኝ።

«የምን ፍንጭት?»

«ፊት ጥርሱ ፍንጭት ነበር። አያቴ እስክትሞት ድረስ የምታወራው ስለ ፈረሱ አይደለም፣ ስለ ፍንጭቱ ነው። ሲስቅ አገር ያበራ ነበር እያለች። ፍንጭታችን ከእሱ ነው የመጣው፤ እናቴም ፍንጭት ነበረች፣ እኔም።»

ያኔ ክው አልኩ። ከሰባት ዓመት በፊት የአማቴን ሙሉ ጥርስ የሠራሁት እኔ ነኝ። ለሚስቴ እናት ነው ብዬ ያለኝን ሙያ ሁሉ አፍስሼ፣ እንደ ሩዝ የገጠመ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለው ጥርስ ደርድሬ ሰጠኋቸው። ጥርሳቸው ቀድሞ ረግፎ ስለነበር አይቼው የማላውቀውን ፍንጭታቸውን ደፈንኩት ማለት ነው።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«አማች ደክሞ ሠርቶ ሲሰጥ ምን ይባላል? እግዜር ይስጥልኝ ነው እንጂ።»

ለፈረሰኛው በመርፌ ጫፍ ሁለት ነጭ ነጥብ፣ በመሃላቸው ክፍተት አደረግሁለት። በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይታይም። ለአማቴ ደግሞ አዲስ ጥርስ ጀመርኩ። ቅዳሜ ማታ ደረሰ። ባለቤቴ እናቷ ሲስቁ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጭና «ውይ፣ እማዬ!» ብቻ አለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ፊት ተመልሶላት ነው።

በማግስቱ እሑድ መምህሩ አልመጣም። የዓይን ሞራ ተገፎለት ዓይኑ ታሽጎ ቤቱ ተኝቷል። ወታደሮቹን ለብቻዬ ስደረድር አማቴ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡና ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው እንድስብ አዘዙኝ።

«ወሎን የሚመራ ሰው ከሌለ እኔ አለሁ» አሉ።

ሕጉን ነገርኳቸው። እግረኛ አንድ ስንዝር፣ ፈረሰኛ ሁለት ስንዝር ይሄዳል። ዳይሱ አራትና ከዚያ በላይ ሲወጣ የተተኮሰበት ይወድቃል። የሸዋ ደጀን ጦር ጠረጴዛው ላይ የሚገባው በአራተኛው ተራ ነው። የወሎ ጦር ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ተራዎች ካለበት አይንቀሳቀስም።

«ለምን አይንቀሳቀስም?»

«ታሪኩ እንደዚያ ስለሆነ ነው፣ እማማ። ያኔ ቆመው ጠብቀዋል።»

«ጦሩን የምመራው እኔ ነኝ ወይስ ታሪኩ?»

ሕጉን ያወጣው መምህሩ ስለሆነ ደወልኩለት። ነገሩን ስነግረው ከአልጋው ላይ በሳቅ ፈነዳ። «ልቀቃቸው፤ እኔ ሁልጊዜ ለምን እንደምሸነፍ ዛሬ ገና ገባኝ!» አለ።

ለቀቅኳቸው። አማቴ ዳይሱን በሁለት እጃቸው አፈኑና «ቢስሚላህ» አሉ፤ አስከትለው አማተቡ። «በሁለቱም በኩል ይሻላል» አሉኝና ወረወሩ። ስድስት። ፈረሰኞቻቸው በመጀመሪያው ተራ ወንዙ ዳር ደረሱ፣ በሁለተኛው ተሻገሩ። ደጀኔ ገና ቆርቆሮ ውስጥ ነው። መትረየሴን ኮረብታው ላይ አድርጌ ስለነበር ተማምኜ ወረወርኩ፤ አንድ ወጣ። ደግሜ ወረወርኩ፤ ሁለት። አማቴ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ያ ባለፍንጭቱ ፈረሰኛ ከኮረብታው ጀርባ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እንደቆመ ነው።

«እማማ፣ እሱን አላንቀሳቀሱትም።»

«እሱ ስንቅ ይጠብቅ።»

«ፈረሰኛ ስንቅ አይጠብቅም እኮ።»

«የኔ ፈረሰኛ ይጠብቃል» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «ያንተ ሰውስ የትኛው ነው?»

«የቱ ሰው?»

«ሸዋ አይደለህ? ከእናንተ ቤት የዘመተ ሰው የለም?»

ነበረ። ቅድመ አያቴ ከቡልጋ ዘምቶ አንድ እጁ ሰንከል ብሎ እንደተመለሰ አባቴ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ይኼን ሁሉ ወታደር ስሠራ ግን እሱን ለይቼ መሥራት አንድ ቀን በሐሳቤ ሽው ብሎ አያውቅም። አፍሬ ከፊት መስመር ያለውን አንዱን እግረኛ በጣቴ ነካሁት።

«እንግዲያው እሱንም ወደ ኋላ አድርገው» አሉኝ። «እጁ ይትረፍለት።»

አደረግሁት። መስመሬ ላይ አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት ተፈጠረ። በሚቀጥለው ተራ አማቴ ያለምንም ርኅራኄ በዚያው ክፍተት ገቡብኝ።

ባለቤቴ ከማኅበር ስትመለስ የሸዋ ቀኝ ክንፍ አልቋል። ነጠላዋን ሳታወልቅ እናቷ ጀርባ ቆማ «እማዬ፣ ያንን ያዥው! በጎን እየመጣብሽ ነው!» ትል ጀመር። «የማን ሚስት ነሽ?» ብላት «ዛሬ የወሎ ልጅ ነኝ» አለችኝ። ደጀኔ በአራተኛው ተራ ሲገባ የሚደግፈው ጦር አልጠበቀውም። ትንሽ ተንፈራገጥኩ። በሰባተኛው ተራ የአማቴ ፈረሰኞች በደቡብ በኩል ያለውን የጠረጴዛ ጫፍ፣ ማለትም የአዲስ አበባን መንገድ፣ ያዙ። እጄን ሰጠሁ።

አማቴ ስልክ አምጡልኝ አሉና ደሴ ላለው ታናሽ ወንድማቸው ደወሉ። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል።

«ሰገሌ ላይ ሸዋን ድል አደረግሁት!» አሉት።

«ምን አደረግሽ?»

አስረዱት። ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ሰውዬው ጨዋታ መሆኑ ከገባው በኋላም ድምፁ የጨዋታ አልሆነም።

«አያታችንስ?» አላቸው።

አማቴ እጃቸውን ዘርግተው ፈረሰኛውን ከኮረብታው ጀርባ አነሡትና መዳፋቸው ላይ አቆሙት። «ደኅና ነው» አሉት። «እዚሁ አጠገቤ ነው።»

ባለቤቴ ወደ ሰገነቱ ወጣች። እኔም የወደቁትን ሰብስቤ ወደ ቆርቆሮው ልጨምር ስል፣ ያለፈው ሰሞን ኳ፣ ኳ ሲሉ ደስ ይለኝ የነበረው ትዝ አለኝና አንድ በአንድ መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደርኳቸው፤ የሸዋውንም የወሎውንም ቀላቅዬ።

መምህሩ ዓይኑ ድኖ ሲመለስ ቦታው ተይዞ ጠበቀው። «እኔ እኮ የወሎ ንጉሥ ነበርኩ!» ቢልም የሚሰማው አላገኘም። እኔ ሥር የሸዋ ግራ ክንፍ አዛዥ ሆነ። ሁለት ለአንድ ሆነን አንዳንዴ አማቴን አሸነፍናቸው፤ በተሸነፉ ቁጥር ዳይሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው ይመረምሩታል። «የአራዳ ዳይስ ነው፣ አይታመንም» ይላሉ። መምህሩም «ኧረ እማማ፣ አራዳውስ እርስዎ ነዎት፤ እኛን ፋራ ያደረጉን» ይላቸዋል።

ክረምቱ ሲወጣ ዳሌያቸው ዳነና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እሑድ ላቦራቶሪው ባዶ ይሆናል ብለን ፈርተን ነበር። አሁን የጠረጴዛውን ፎቶ በስልክ እንልክላቸዋለን፤ እሳቸው ደግሞ እየደወሉ ያዛሉ። ብቻቸውን አይደሉም፤ ወንድማቸውና ሦስት ጎረቤቶቻቸው ተሰብስበው ይመክራሉ። ባለፈው እሑድ ፈረሰኛው ወንዙን ይሻገር አይሻገር ብለው ሲከራከሩ ሻያችን ቀዘቀዘ። አንደኛዋ ጎረቤት በቀኝ ይሻላል ትላለች፣ ወንድምየው ሜዳው ረግረግ ነው ይላል።

«ረግረግ የለም፣ ብርድ ልብስ ነው!» ብሎ ጮኸባቸው መምህሩ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል» አሉ አማቴ ከደሴ። «ጠላት አይመክረንም።»