ለሸማኔ እንዝርት የሰጠሁ ጊዜ

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት በኋላ አርባ ምንጭ ስመደብ፣ ሙያዬ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሆስፒታሉ ውስጥ አልነበረም፤ እኔም ብሆን በደንብ አውቀው ነበር ማለት ይከብደኛል። አዲስ አበባ ጥቂት ወራት ሠልጥኜ የተሰጠኝ ወረቀት፣ በበሽታ የተጎዳን ሰው ወደ ዕለት ሥራው እንድመልስ ይፈቅድልኛል፤ መልበስ፣ መጉረስ፣ ሲቻልም መተዳደሪያውን መሥራት። ወረቀቱን ያየው ዋና ነርስ “ማሳጅ ነው?” ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ ከመጋዘኑ ጎን ያለችውን ክፍል ሰጠኝ።

ክፍሏ ውስጥ ከውጭ በእርዳታ የመጣ የሥዕል ካርዶች ካርቶን ነበር። ንግግር ለጠፋባቸው ሕመምተኞች ሥዕል እያሳዩ ስሙን ማስጠሪያ ነው። ሥዕሎቹ ደግሞ ከበረዶ የተሠራ ሰውና ዳቦ የሚጠብስ ማሽን ነበሩ። በዚያ ሙቀት፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ለመጣ የሙዝ ገበሬ የበረዶውን ሰው ዘርግቼ “ይሄ ምንድን ነው?” እላለሁ። ዝም ይለኛል። “ስም መጥራት አይችልም” ብዬ እጽፋለሁ። የዳቦ መጥበሻውን እኔ ራሴ ያወቅሁት ካርዱን ገልብጬ ጀርባውን አንብቤ መሆኑን የትም አልጻፍኩም።

ሸማኔው የመጡት በዚህ መሀል ነው። ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰው ናቸው፤ ከደጋው ከጨንቻ በጭነት መኪና አወረዷቸው። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውንና ንግግራቸውን ወስዶባቸዋል። ከነበራቸው ቃል ሁሉ፣ ከጋሞኛውም ከአማርኛውም፣ የተረፈቻቸው አንዲት “እሺ” ብቻ ናት። ውሃ ሲጠማቸው “እሺ”፣ ሲናደዱ “እሺ”፣ መርፌ ሲወጉ “እሺ!” የሚባሉትን ግን ይሰማሉ፤ ሚስታቸው ስለ ላሟ ሲያወሩላቸው ፊታቸው ይለዋወጣል። ጠያቂ ዘመድ ይህን መች አየ! ምላስ ሲታሰር ጆሮም አብሮ የሚደፈን ይመስል አልጋው ላይ ተደፍቶ ይጮኽባቸዋል፤ ከዚያ ቀና ይልና እዚያው ፊታቸው “በቃ፣ አለቀለት” ይላል።

እኔ ደግሞ ከዘመዶቻቸው የባስኩ ብልህ ነኝ። ሸማኔ ማለት ጥጥ ማለት ነው አልኩና ከገበያ ጥጥና እንዝርት ገዝቼ ግራ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። የለመዱት ነገር ነው፣ ጣታቸውንም ያፍታታል ብዬ ነው። አጠገባቸው የተኛው የጭነት መኪና ሹፌር ሳቁን በብርድ ልብሱ አፈነ። ሸማኔው እንዝርቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ አሽቀነጠሩት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። “ሕክምናውን አይተባበሩም” ብዬ ጻፍኩ።

ሚስታቸው እንዝርቱን ከመሬት አነሡ።

“ዶክተር፣” አሉኝ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። “ይሄ የኔ ሥራ ነው። እኛ ጋ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ሸማ ይሠራል። አንተ ባሌን ሚስት አደረግከው።”

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለኔ ነበር። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወሬው በማግስቱ ጨንቻ ወጣ። እዚያ ታናሽ ወንድማቸው አለ፤ እሱም ሸማኔ ነው፣ የታላቁን የሽመና ዕቃ ሲመኝ የኖረ። ቀደም ብሎ ሆስፒታል ወርዶ “ዕቃውን ልውሰደው?” ብሎ ጠይቋቸው “እሺ” ብለውታል። አሁን ደግሞ ምስክር አገኘ፤ እኔን። ለአገር ሽማግሌዎች “እሱ ራሱ ፈቅዷል፤ ሆስፒታሉም ከሴት ደምሮ እንዝርት አስይዞታል” አላቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ዕቃው አንዴ ከተነቀለ ባልየው በቤቱ የሚበላ እንጂ የሚሠራ ሰው ተብሎ እንደማይቆጠር ሚስታቸው ነገሩኝ። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይቀመጣሉ። “አንተ ያበላሸኸውን አንተ አስተካክል” አሉኝ ሚስታቸው።

ቅዳሜ ከባልና ሚስቱ ጋር ጨንቻ ወጣሁ። ለክብር ብዬ ጋዋኔን ለብሼ ነበር፤ የጨንቻ ብርድ ግን ክብር አያውቅም። ከቀርከሃ በተሠራው የሸማኔው ቤት ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ወንድምየው ፍርዱ ሳይሰጥ የዕቃ ማሰሪያ ገመድ ይዞ መጥቷል። ተነሥቼ ተናገርኩ፤ እንዝርቱ የኔ ጥፋት ነው፣ “እሺ” የሚሉትም ሌላ ቃል ስለሌላቸው እንጂ ልባቸው ሙሉ ነው። አማርኛ የሚችሉት ሽማግሌ ለሌሎቹ ተረጎሙና ወደኔ ዞሩ።

“ሽመና ታውቃለህ?”

“አላውቅም።”

“ፈትልስ?”

“እሱንም አላውቅም።”

“ታዲያ ምን አውቀህ ነው ሰው የምትመልሰው?”

ቤቱ ሳቀ። ሚስታቸው ግን ወደ ባላቸው ዞረው በአማርኛም በጋሞኛም ጠየቁ፦ “የወንድምህን ቤት ላቃጥለው?”

“እሺ” አሉ ሸማኔው።

አሁን ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው። ወንድምየው ግን አልሳቀም።

ሳቁ ሳያባራ ሸማኔው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ቤቱ ጥግ ወደተተከለው የሽመና ዕቃ ሄደው እግራቸውን ከሥሩ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከተቱና ተቀመጡ። እግራቸው መርገጫውን ሳይፈልግ አገኘው። ማጉን የያዘውን መወርወሪያ በግራ እጃቸው በድሩ መሀል ላኩት፤ በቀኝ የሚቀበለው እጅ የለም፤ መሬት ወደቀ። አንድ ሰው አነሣላቸው። ደግመው ላኩት፤ ደግሞ ወደቀ። ወንድምየው ገመዱን መፍታት ጀመረ፤ እኔ ማየት አቅቶኝ አቀረቀርኩ።

ያን ጊዜ ሚስታቸው መጥተው በቀኛቸው፣ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። መወርወሪያውን ከመሬት አንሥተው በድሩ መሀል መለሱላቸው። ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ፤ አንዱ ነውር ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ። ባልና ሚስቱ ቀና ብለው አላዩዋቸውም። ባል ይልካል፣ ሚስት ትመልሳለች፣ የባል ግራ እጅ ማጉን እየመታ ያጠብቃል። ይህን ማንም አላዘዘላቸውም፤ እኔማ ጭራሽ። አንድ ጣት ያህል ሲሸመን አማርኛ የሚችሉት ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ጨርቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

“ጠርዙ ተጣሟል” አሉኝ። ከዚያ ለወንድምየው በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እሱም ገመዱን መልሶ ጠቀለለና ወጣ።

ሚስታቸው መወርወሪያውን እጃቸው ላይ እያገላበጡ ያዩታል።

“ሠላሳ ዓመት ክር እያቀበልኩ ይሄን ለመንካት ስፈራ ኖርኩ” አሉ። “ይሄው ነው? ለዚህ ነው እንደዚያ የምትኮሩብን?”

ሸማኔው ሳቁ። በሚታዘዛቸው ግማሽ ፊት፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘርግተው መወርወሪያው እስኪላክላቸው ጠበቁ።