ድንጋይና ጉልበት ከእኛ

ዘመኑ 2016 ነበር። ዕድሜዬ ስልሳ ዘጠኝ፤ እናቴ ብትኖር ሰባ ትል ነበር። ከመካነ ሰላም ገበያ ስመለስ ሁለት የታጠቁ ልጆች የበቅሎዬን ልጓም ያዙ። «አባባ፣ ለጥያቄ ይፈለጋሉ» አሉኝ። በቅሎዋን ጎረቤቴ ወሰደልኝ፤ እኔን እነሱ ወሰዱኝ።

ያሰሩን የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ስንዴው ወጥቶ ነቀዙ ቀርቷል። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳ ብቻ ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ሰው አወቅሁት፤ መንደራችን የሚመላለሰው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ያን ጊዜ ለምን እንዳመጡኝ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንደራችን በላይ ያለው ምንጭ እየደረቀ ነው። መምህሩ ይህን ያጠናል። ከውጭ አገር አንድ ድርጅት ለምርምርና ለልማት ገንዘብ እሰጣለሁ ብሎ ጥሪ ስላወጣ፣ ዳገቱን በእርከን ለማልማት ማመልከቻ ጻፈ። ድርጅቱ የሚሰጠው ያገሩ ሰው ከተስማማ ነው። እኔ ደግሞ የቅሬው ዳኛ ነኝ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ የሚቀባበርበት ቅሬ ነው። መምህሩ መጥቶ ማመልከቻውን አነበበልን። «እንለምናለን» የምትለዋን አንድ ሽማግሌ አልወደዳትም። «ለማኝ አይደለንም። ድንጋይና ጉልበት ከእኛ በልበት» አለው። ጻፈበት። ሁላችንም ቆመን «ይሁን» አልን፤ እኔም በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ፈረምሁ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ በእኔ ጦስ ነው» አለኝ መምህሩ።

«አብሽር። ማመልከቻው ሄደ?»

«አልላክሁትም። የሚዘጋው ነገ ነው።»

አብሮን የታሰረ፣ ከከላላ የመጣ ጨው ነጋዴ ጣልቃ ገባ። «አባባ፣ ዶላሩን የት ቀበሩት? ለእኛም ይንገሩን እንጂ!»

«በቅሎዬ በላችው» አልሁት። መጋዘኑ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ አልዋሽበትም።

«እርስዎ ያልተማሩ ሰው ነዎት። የውጭ ገንዘብ ለምን እንደሚመጣ አያውቁም። መምህሩ አታሎ አስፈረመኝ ይበሉና ዛሬውኑ ቤትዎ ይደሩ።»

«ቤቴ ማደርስ እወዳለሁ።»

«እንግዲያው እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

«አልችልም። ቅሬው ቆሞ የተናገረውን ዳኛ ብቻውን አያፈርስም። ሰብስብልኝና ልጠይቃቸው።»

«ቅሬውን ሁሉ እዚህ ላምጣልዎ?»

«ስንዴው እንደሁ ወጥቷል፤ ቦታ አለ።»

ሳቁን ዋጠ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለው። «ለአንድ መምህር ብለው እዚህ ሊከርሙ ነው?»

«ለሱ ብዬ አይደለም፤ ስላልተታለልሁ ነው። ወላሂ፣ ብታለል ኖሮ እፈርምልህ ነበር።»

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። የሆነውን ስነግረው መምህሩ ራሱን ያዘ። «በፈረሙ ይሻል ነበር። እኔ እንደሁ ከእንግዲህ አልጽፍም።»

«አንተ ስታኮርፍ ምንጩ ይጠብቅሃል?» አልሁት። ጋቢዬን አነጠፍሁና ግማሹን ለሱ ተውሁለት።

ብዙ ሰንብተን ሁለታችንንም በአንድ ቀን ለቀቁን፤ ለምን እንደያዙን አልነገሩን፣ ለምን እንደለቀቁንም አልነገሩን። ማመልከቻው ጊዜው አልፎበታል። መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ «ለከርሞ ሌላ ጥሪ ይወጣ ይሆናል» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። ከዚያ በላይ ምን ይበል?

ዛሬም ያመለክታል። ከዚያ ወዲያ የመጣው መልስ ሁሉ «አላለፋችሁም» የሚል ነው። ሲጽፍ ያነብልናል፣ እንቆማለን፣ እፈርማለሁ። መርማሪውንም አልረግመውም፤ የታዘዘ ልጅ ነው። ሰዎች «ታስረህ ምን አተረፍህ?» ሲሉኝ የምነግራቸው የተፈታሁ ለት ማግስት ያደረግሁትን ነው። ጎህ ሲቀድ ዶማዬን ይዤ ወደ ምንጩ ወጣሁ። ገንዘቡ የውጭ አገር ሰዎቹ ነው፣ ቢሹ ይስጡ፣ ባይሹ ይተውት። ድንጋዩ ግን ከእኛ ተብሏል። አንዱን ፈንቅዬ እያንከባለልሁ አመጣሁና እርከኑ ይጀምርበታል ከተባለው ቦታ አስቀመጥሁት።