ወፏ ፍርድ ቤት አልቀረበችም

ዘንድሮ እጄ ተፍታቷል። አስተማሪያችን «እንደምታወሪው ጻፊ» ካሉኝ ወዲህ ብዕር መያዝ ደስታ ሆኖልኛል፤ አንዳንዴ የጻፍኩትን ራሴ አንብቤ ብቻዬን እስቃለሁ። ይህኛው ግን የሚያስቅ አይደለም። የአጎቴ የገብስ ማሳ ነገር ነው።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ «አያ» እለዋለሁ። እሱ ከአምባ ጊዮርጊስ ወረድ ብላ ካለች መንደር ያርሳል፤ እኔ ጎንደር ከአክስቴ ቤት ሆኜ እማራለሁ። አምና በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ስለ ሕገ መንግሥቱ ተማርን። የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ወንጀለኛ አይባልም። የመሰከረበትን ሰው ፊት ለፊት የማየት መብት አለው። ነገሩም ሳይጓተት ይታይለታል። ማንም ሰው ራሱ ባላጠፋው ጥፋት አይቀጣም። ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት ሸመደድኩትና ለገና ቤት ስሄድ ለአያ አነበነብኩለት። እሱ ሞፈር እየጠረበ ያዳምጠኝ ነበር።

«ይሄ ለእኛም ነው ወይስ ለከተሜው ብቻ?» አለኝ።

«ለሁሉም ነው፣ አያ።»

«ሸጋ ነው» አለና መጥረቡን ቀጠለ።

በፋሲካ ሰሞን የመንደራችን ጭቃ ሹም በቅሎ ተሰረቀችና አውጫጭኝ ተጠራ። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የመንደሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤትም ወደ እርሻም መሄድ የለም። እያንዳንዱ ይምልና የሚያውቀውን በተመረጡት ሽማግሌዎች ጆሮ ሹክ ይላል። «አየሁ» አይልም፤ የሚለው «ወፍ ነገረችኝ» ነው። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ሌባው ጭራሽ ካልተገኘ የተሰረቀውን መንደሩ ተካፍሎ ይከፍላል።

ለበዓል መጥቼ ስለነበር ከሴቶቹ ጋር ዳር ላይ ተቀምጬ ነበር። ፀሐዩ ያነዳል፤ ወንዶቹ ያልታረሰ መሬታቸውን እያሰቡ ያጉረመርማሉ። በማግስቱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሡና ወደ አያ እያመለከቱ «ወፍ አንተን ጠርታለች» አሉ።

የአጎቴ ሚስት ክንዴን ጨበጠችኝ። ጭቃ ሹሙ ከተቀመጠበት ሳይነሣ «በል እንግዲህ፣ በሬህንም ሽጠህ ቢሆን ክፈልና ሰው ወደ ሥራው ይሂድ» አለ።

አያ ጋቢውን አደግድጎ ቆመ። «ወፏን ፊት ለፊት አምጡልኝ።»

ሰው ሳቀ። «ምነው፣ ወጥመድ ልትዘረጋላት ነው?» አለ አንዱ።

«ልጠይቃት ነው። ሕጉ ጠይቅ ይለኛል። ዳኛ ፊት እንቅረብ።»

ያን ጊዜ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጭቃ ሹሙ «ይቺ የተማሪዪቱ ሥራ ናት» አለ። እኔ ግን አልፈራሁም፤ የሸመደድኩት ነገር ከአያ አፍ ሲወጣ ስሰማ ደረቴ ነው የሞላው።

አያ ታሰረ፤ በዋስ ተፈታ፤ ነገሩም ዞሮ ዞሮ ጎንደር ፍርድ ቤት ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ ነው። አያ በጭነት ማኪና ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል፣ አክስቴ ቤት ያድራል፣ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። «ምስክር አልቀረበም» ይባልና ሌላ ቀን ይሰጠዋል። ሰኔን ሰው ሲዘራ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር፤ ገብሱን በቀጠሮ መሀል እየተጣደፈ ነው የዘራው። ሳይጓተት የሚለውን ቃል እያሰብኩ አጠገቡ ጥፍሬን እበላለሁ።

አንድ ቀን ጭቃ ሹሙ ራሱ ቀረበ።

«ሲሰርቅ ማን አየው?» አሉ ዳኛው።

«ወፍ ናት የነገረችን፣ ጌታዬ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ወፏ መጥታ ትማል።»

ችሎቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አያ አልሳቀም።

ወፏ አልመጣችም። ጥቅምት ላይ አያ በነፃ ተሰናበተ። ከግቢው ስንወጣ እጁን ይዤ እየዘለልኩ ነበር፤ እሱ ግን «አሁን ማንም ሌባ አይለኝም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይልህም፣ አያ። ተፈርዷል።»

አያ ነፃ ሲወጣ ሌባው አልታወቀም ማለት ሆነ። ስለዚህ መንደሩ የበቅሎዋን ዋጋ ተካፍሎ ከፈለ። በግ የሸጠ አለ፤ የዘር እህሉን የሸጠ አለ። አያም ድርሻውን ከፈለ።

ኅዳር ላይ ገብሱ ደረሰና አያ ደቦ ጠራ። የአጎቴ ሚስት ጠላ ጠመቀች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከጎንደር ስደርስ የዘፈን ድምፅ እሰማለሁ ብዬ ነበር፤ ግቢው ጭር ብሏል። ጋኖቹ እንደተከደኑ ናቸው። አንድም ሰው አልመጣም። እኔም ማጭድ ይዤ አያና ሚስቱ ወዳሉበት ማሳ ወረድኩ። ገብሱ ራሱን ደፍቷል፤ ንፋስ በነካው ቁጥር ፍሬው ይረግፋል። የቤቱ የዓመት ቀለብ ያ ማሳ ነው። ለሦስት ሰው ደግሞ ሰፊ ነው።

እያጨድን ሳለ ጎረቤቶቻችን ማጭዳቸውን በትከሻቸው ይዘው በዳር በኩል አለፉ። ወደ ሌላ ሰው ደቦ እየሄዱ ነው። አያ ከእነዚያ ሰዎች ማሳ አንድ ዓመት ቀርቶ አያውቅም።

«ምነው?» አለ ቀና ብሎ። «በነፃ ተሰናብቼ የለም?»

«አንተማ ተሰናበትክ» አለው አንዱ። «እኛን ማን ያሰናብተን?»

መታገሥ አቃተኝ። «እናንተም መክፈል አልነበረባችሁም። ማንም ባላጠፋው አይቀጣም ይላል ሕጉ። ያው አያን ያዳነው ሕግ ነው። ብትከሱ ኖሮ...»

«ማንን?»

«ጭቃ ሹሙን።»

ሰዎቹ ተያዩ። «ስሚኝ ልጄ» አለ ሰውየው፣ ሳይቆጣ። «አጎትሽ ስንት ጊዜ ጎንደር ተመላለሰ? እኛም እንመላለስና ገብሳችንን ማን ይጨድልን? ደግሞስ ተመልሰን የምንኖረው ከማን ጋር ነው?»

«መቼስ ሕጉ ማጭድ ይዞ አይመጣም» አለች ከኋላ ያለች ሴት፤ ጥቂቶቹ ሳቁ። ሄዱ። ከመካከላቸው አንዱ ወፏ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። እያንዳንዱን ጀርባ እያየሁ «አንተ ነህ? አንቺ ነሽ?» እላለሁ። ፍርድ ቤት ያላገኘነውን ምስክር በየሰላምታው ስፈልግ ልኖር ነው።

የሸመደድኩት ሕግ ውሸት ነው አልልም። ዳኛው ፊት ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን አንድን ሰው ከሌላው ለይቶ አዳነ፤ ሌሎቹም በዚያው ቃል መዳን ይችሉ እንደነበር የነገራቸው የለም፤ እኔ ስነግራቸው ደግሞ ከፍለው ጨርሰዋል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሳውን ገና አላጋመስንም። መዳፌ ተልጧል። የታችኛው ጥግ ረግፎ መሬቱ በፍሬ ቢጫ ሆኗል፤ ወፎች ወርደው ይለቅማሉ፣ የሚያባርራቸው የለም። አያ ነዶ አስሮ ሲጨርስ አጠገቤ ቆመ።

«እዚያ ሕግ ላይ፣ ደቦ ስለሚከለከል ሰው የተጻፈ አለ?»

አሰብኩ። የሸመደድኩትን ሁሉ ከላይ እስከ ታች በልቤ ወረድኩት።

«የለም፣ አያ።»

ራሱን ነቀነቀና ማጭዱን አንሥቶ ወደ ቀረው ገብስ ተመለሰ።