ከአልጋው በላይ ያለችው ቆንጆ

ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ ስትሮክ የመታቸውን አንድ ጃፓናዊ አዛውንት ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። በሦስት ወር ውስጥ አንዲት ቃል ሲተነፍሱ ሰምቼ አላውቅም። ልጃቸውም ብትሆን የአባቷን ድምፅ ዳግም እሰማለሁ የሚለውን ተስፋ ቆርጣለች።

ከአልጋቸው በላይ የአንዲት ሴት ሥዕል ተሰቅሏል። ልጃቸው «በእንጨት ላይ ተቀርጾ የታተመ የድሮ ሥዕል ነው፤ ስትወለውዪው ተጠንቀቂ» ብላኛለች እንጂ ስለ ሴትዮዋ የነገረችኝ የለም። ፊቷ እንደ ወተት የነጣ፣ ከንፈሯ ትንሽዬ፣ አንገቷን ሰበር ያደረገች ቆንጆ ናት። እኔም በሆዴ የሞተችው ሚስታቸው ናት ብዬ ደምድሜያለሁ።

ሶ ባለፈው ማክሰኞ ፍሬሙን ስወለውል፣ ሰውዬው ዓይናቸውን ሥዕሉ ላይ ተክለው አየኋቸውና አንጀቴን በሉት። በዚያችው በምችላት እንግሊዝኛ «ባለቤትዎ እንዴት ያሉ ቆንጆ ነበሩ!» አልኳቸው።

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባቸው ወረደ። ምነው አፌን በቆረጠው! አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «አይዞዎት፣ በሰማይ ቤት እየጠበቁዎት ነው፤ እዚያ አብራችሁ ትኖራላችሁ» አልኳቸው። ይባስ ብሎ አልጋው ራሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደንግጬ ለልጃቸው ኮል ላደርግ ስልኬን ሳነሳ እጄን ያዝ አደረጉኝ። ለካስ እየሳቁ ነው!

«ሚስቴ አይደለችም» አሉ በተሰባበረ ድምፅ።

ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

«ወንድ አያቴ ነው። ቲያትር ላይ ሴት ሆኖ ይጫወት ነበር።»