ኮንጋን በደም የነከርኩበት ቃል

ዲላ መናኸሪያ አካባቢ ባለችው የትርጉምና የጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ባለቤቱ ጋሽ ሸምሱ አንድ የልደት ምስክር ወረቀት ሰጥተውኝ ወደ እንግሊዝኛ መልስ አሉኝ። ግማሽ ገጹን ወረቀት ሁለት ገጽ አድርጌ አቀረብኩላቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ይህ ልጅ የተወለደ ቀን መድፍ ተተኩሷል እንዴ?» አሉ።

«ትንሽ እንዲያምር ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ማሳመር ከፈለግህ ከጎናችን ፀጉር ቤት አለልህ። እዚህ ያለውን ብቻ ነው የምንጽፈው።»

ምክሩን ሰማሁት። መያዙ ነው ያቃተኝ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ዋናው ወረቀት ይነበባል፣ ረቂቅ ይሠራል፣ ሌላ ሰው ረቂቁን ከዋናው ጋር ያመሳክራል፣ ከዚያ የተርጓሚው ፊርማና ማኅተም ያርፍበታል። ማኅተሙ ጋሽ ሸምሱ ኪስ ውስጥ ነበር የሚውለው፤ መስጊድም አብሯቸው ነው የሚሄደው። በሥራ ዘመኔ የተረጎምኩት ወረቀት ቢዘረጋ ከዲላ ሞያሌ ደርሶ ይመለሳል፤ ትርፉም ለገበያው ጥላ ይሆናል።

ዓመታት ሲያልፉ ዋና ተርጓሚ ተባልኩ። ተርጓሚዎቹ ሁለት ነበርን። ጋሽ ሸምሱም ማመሳከሩን ትተው ማኅተሙን ለእኔ አሳለፉት። ችግሩ የመጣው ያኔ ነው።

አንድ ጠዋት ምሕረት ከኮንጋ መጣች። የኮንጋው ቡና ገበሬ የአቶ ጅግሶ ልጅ ናት፤ የአነስተኛ ቡና አምራቾች ማኅበር ጸሐፊም ናት። አንድ የውጭ አገር ቡና ገዢ ሊጎበኛቸው አስቦ፣ ጎን ለጎን ያሉ የሁለት ሰዎች ቡና ለምን ለየብቻ እንደሚሰጣ በደብዳቤ ጠይቋል። መልሷን በአማርኛ ጽፋ አምጥታለች፦ «አቶ ጅግሶና ጎረቤታቸው አቶ በራሶ ከተጣሉ አሥራ አንድ ዓመት ስለሆናቸው ነው።»

ተራ ጠብ የሚባለውን «ኳረል» ብዬ ባልፍ ይበቃ ነበር። ኳረል አነሰችብኝ። መዝገበ ቃላት ገለጥኩና «ፊውድ» የሚል አገኘሁ። ለረጅም ዘመን የቆየ ጠብ ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ረጅም ነው፤ ሁለት ቤተሰብም አለ። የመዝገበ ቃላቱን ቀጣይ መስመር ሳላነብ ደብዳቤው ላይ ማኅተሙን መታሁት።

ቀጣዩ መስመር ላይ ያለው ሌላ ነው። ፊውድ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ አንዱ ሲመታ ሌላው የሚመልስበት፣ ብዙ ጊዜም ደም ያለበት ጠብ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ደም መመላለስ ለሚባለው ይቀርባል። የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ሁለት ዘፋኞች ሲዘላለፉም ይህንኑ ቃል ይጠቀማሉ፤ እዚያ አንባቢው ሰዎቹን ስለሚያውቃቸው ቃሉን ቀንሶ ይሰማል። ኮንጋን ረግጦ የማያውቅ ሰው ግን ከምን ላይ ይቀንሳል?

በሳምንቱ ምሕረት ተመልሳ መጣች። ሰላምታም አልሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው? ሰውዬው ለሠራተኞቼ እሰጋለሁ፣ አልመጣም አለ። እስካሁን ስንት ሰው ሞተ ብሎም ጠይቋል!»

ጋሽ ሸምሱ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት። «መድፉ ኮንጋ ገባ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ማኅተሙን መለስኩላቸው። «ሂድ አስተካክል። ሁለቱም ያልፈረሙበት ወረቀት ማኅተም አያገኝም።»

በሞተር ሳይክል ኮንጋ ሄድኩ። በሁለቱ ማሳ መካከል የእግር መንገድ አለ። አቶ ጅግሶ በወዲህ በኩል አጥራቸውን ተደግፈው ቆሙ፣ አቶ በራሶ በወዲያ። የጠቡ መነሻ የአቶ ጅግሶ ላም የአቶ በራሶን ሁለት እንሰት መብላቷ ነው። ከዚያ ወዲህ በቀጥታ አይነጋገሩም። ጉዳይ ሲኖር መሃል ሰው ያቆማሉ፤ አንዱ ተናግሮ «በለው» ይላል፣ ሌላውም በጆሮው የሰማውን ነገር እስኪደግሙለት ይጠብቃል። ያን ቀን መሃል የቆምኩት እኔ ነኝ፤ በዕድሜዬ ከጌዴኦዎች ቋንቋ ከጌዴኡፋ ወደዚያው ወደ ጌዴኡፋ ያስተረጎምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥፋቴን ተናዘዝኩ።

«ማን ማንን ገደለ ተባለ?» አሉ አቶ ጅግሶ። «እኔ ዶሮ እንኳ ማረድ የማልችል ሰው! በለው።»

«እውነቱን ነው በለው» አሉ አቶ በራሶ። «ለበዓል ዶሮውን የማርድለት እኔ ነበርኩ።»

«ከዚያ ወዲህ ዶሮ አልቀመስኩም በለው።»

መጀመሪያ ልጠይቅ ይገባኝ የነበረውን ያኔ ጠየቅኩ። በእነዚህ ዓመታት ምን ተደራረጋችሁ? አጥር ታጥሯል አሉኝ። አንዱ የሌላው ሠርግ መሄድ ቀርቷል። ሌላ የለም። ያልተዋችሁትስ? አልኳቸው።

«ለቅሶ» አሉ አቶ በራሶ። «እናቱ ሲያርፉ መቃብሩን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። አካፋውን ያቀበለኝ እሱ ነው በለው።»

«ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም!» አሉ አቶ ጅግሶ። «በለው» አላሉም።

«አንተስ መቼ አየኸኝ?»

ቀጠሉ። እኔም ሥራ ፈትቼ ቆምኩ። ብዙ ተባባሉ፤ አንድም ቃል አልተረጎምኩም።

ሲደክማቸው የሞተሩን መቀመጫ ጠረጴዛ አድርጌ ጻፍኩ፦ ሁለቱ ጎረቤታሞች በሁለት እንሰት ምክንያት አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። የተጎዳ ሰው የለም። አንዱ የሌላውን ሟች ይቀብራል። እንግዳው በሰላም መምጣት ይችላል። አንብቤላቸው ሁለቱም ፈረሙ። ዲላ ስመለስ ጋሽ ሸምሱ ራሳቸው ቃል በቃል አመሳክረው ማኅተሙን መቱ።

ገዢው መጣ። በሁለቱም ቤት ምሳ በልቶ ሊፈነዳ ደረሰ። አቶ ጅግሶና አቶ በራሶ ዛሬም ቡናቸውን ለየብቻ ነው የሚያሰጡት። «በለው» ግን ቀርቷል፤ አሁን በቀጥታ ነው የሚጨቃጨቁት።

ወሬ ሳወራ ዛሬም አጋንናለሁ። የሰው ጠብ ስተረጉም ግን ዓመቱን ብቻ አልቆጥርም። ምን እንደተደራረጉና ምን አብረው እንደሚሠሩ ጠይቄ ነው ቃል የምመርጠው።