ባዶ የተባለው ቤት

በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አምስት የመረጃ ተንታኞችን የምትመራው ሴት «ወንፊት» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላት ነበር። የሌላውን ስህተት አንድም ሳታስቀር ስለምትለቅም ነው። ስሙ ምስጋና ይሁን ሐሜት አውጪዎቹም በቅጡ አያውቁም፤ እርሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብላዋለች።

አለቃ የሆነችው ከሁሉም የላቀች ባለሙያ ስለነበረች ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች በዚህ ይሳሳታሉ፤ ጎበዝ ሠራተኛ ይሾሙና መምራትም ከሹመቱ ደብዳቤ ጋር በአንድ ፖስታ የታሸገ ይመስላቸዋል። እርሷም እንዲሁ መስሏት ነበር። ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም በምሳ ሰዓት እየከፈተች እንደገና ትጽፈዋለች፤ በስብሰባ ላይ ጥያቄ ሲነሣ «ቁጥሩ ይናገር» ብላ ትዘጋዋለች። ቁጥሩን ማን፣ የት ቆሞ እንደጻፈው ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

የዚያ ዓመት ሥራቸው፣ በበጋ ውሃ ሲያንስ ለየትኛው ሰፈር ስንት ሰዓት ይለቀቅ የሚለውን ከቆጣሪ ንባብ ተነሥቶ የሚተነብይ ሞዴል መሥራት ነበር። ሞዴሉ ተሠራ፤ ሞዴሉ ያወጣው የሰፈሮች ካርታም በቀለም ታትሞ ኮሪደሩ ላይ ተለጠፈ። የዳገቱ ሰፈር ከሁሉ ያነሰ ውሃ እንደሚጠቀም ስላሳየ፣ የሚለቀቅለት ሰዓት በግማሽ ይቀነስ ተባለ። ሐሳቡ ሐሙስ ዕለት ሊጸድቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው አንድ አንጋፋ ቆጣሪ አንባቢ ደብተራቸውን ሊያስረክቡ መጥተው ካርታው ፊት ቆሙ። ጥቂት አዩትና ሳቁ።

«ምነው ጋሼ፣ ምን አሳቀዎት?» አለቻቸው ወንፊት ከቢሮዋ ወጥታ።

«የዳገቱ ሰው ገላውን መታጠብ ተወ እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

«እናንተው አይደላችሁ ባዶ፣ ባዶ እያላችሁ የጻፋችሁት?»

«ብለናላ። ባዶው ቤቱ ነዋ። በጠዋት በራቸውን ቆልፈው ወደ ፋብሪካው ይወርዳሉ። ብናንኳኳ ማን ይክፈትልን፣ ውሻው?»

ለእርሷ «ባዶ» ሁለት ለባዶ እንደሚባለው ዜሮ ነበር፤ ለአንባቢዎቹ ደግሞ በሩን የሚከፍት ሰው የለም ማለት ነው። «ባዶ የተባለ ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይመዝገብ» የሚለውን መመሪያ በገዛ እጇ ጽፋዋለች። ያኔ ባልደረቦቹ ረጅሙ የሚሉት ፕሮግራም ጸሐፊ አንባቢዎቹን ብንጠይቅስ ሲላት፣ ለአንድ ቃል ስብሰባ አንጠራም ብላ አፉን አስይዛው ነበር።

የመምሪያው ኃላፊ ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ኮዱን የጻፈው ረጅሙ አይደል ወይ፣ እርሱ ተሳሳተ በይና ይለፍ ብለው መከሯት። ምክሩ ለስላሳ ነበር፤ ሰውን የሚያበላሸው ምክር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ለስላሳ ነው። እርሷም ወዲያው እምቢ አላለችም፤ ይህ ሊደበቅ አይገባም። ቤት ገብታ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ ሰምተው ሲያበቁ፣

«አንቺ አበላሽተሽ ለክተሽ መቀሱን ልትከሺ ነው?» አሏት።

ሐሙስ በሥራ አመራሩ ፊት ቆመች። ካርታው ለውሳኔ እንደማይበቃ፣ መመሪያው የራሷ እንደነበረ፣ የጠየቃትንም ባልደረባ ራሷ ዝም እንዳሰኘችው ሳታድበሰብስ ተናገረች። ይህንንም ገድል ብሎ የሚያወድስ ሰው ግዴታን አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከዚህ በኋላ በኃላፊነቱ መቀጠል ታስቢያለሽ ወይ አሏት።

«እሱን እርስዎ ይወስኑ» አለች። «እኔ የምጠይቀው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።»

ዐሥር ቀን ሰጧት፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ጨመሩላት። ተገቢ ነበር።

በማግሥቱ አንጋፋውን አንባቢ በቡድኑ የስብሰባ ጠረጴዛ ራስ አስቀመጠቻቸው፤ የእርማቱን ሥራም ለረጅሙ ሰጠችው። ረጅሙ ፊቷን አይቶ፣ ወንፊት ለካ ሁለመናዋ ቀዳዳ ነው አለ፤ ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው እርሷ ናት። ከዚያ በኋላ የከበዳት እጇን ከኪቦርዱ ማራቅ ነበር። እርሱ በሦስት ቀን የሚጨርሰውን እርሷ በአንድ ቀን ትጨርሰው ነበር፤ ቢሆንም እጇን አጣጥፋ ጠበቀችው፤ ስትጠየቅም ብቻ መለሰች። አንባቢዎቹ አመሻሹ ላይ፣ ሰዉ ከሥራ ሲገባ፣ ዳገቱን ወጡ። በሮች ተከፈቱ። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ቤቶች ተነበቡ፤ ሰፈሩ ከከተማው አማካይ በጥቂቱ የበለጠ ውሃ እንደሚጠቀም ታወቀ። በዘጠነኛው ቀን ውጤቱን ለሥራ አመራሩ ያቀረበው ረጅሙ ነበር፤ የዳገቱ ሰዓትም ሳይነካ ጸደቀ።

የቀረው የንባብ ቅጹን መለወጥ ነበር። ዜሮ ለብቻው፣ የቆመ ቆጣሪ ለብቻው፣ ሰው የታጣበትም ቤት ለብቻው ዓምድ ተሰጠው። ለመጨረሻው ዓምድ እርሷ «ያልተነበበ» የሚለውን ቃል መረጠች። አንባቢው ግን፣ ያልተነበበማ ሥራ ፈት ያስመስለናል፣ እኛ አንኳኩተናል ብለው ሞገቱ፤ «በሩ ዝግ» ይባል አሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። እርሷ ተሸነፈች፤ «በሩ ዝግ» ብላ አስገባችና ቅጹ እንዲታተም ፈረመች።