ሰላምታ የሚሰጠው ማሽን

ይህ የሆነው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን እስከ ዛሬ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ የትም ብሆን እጄን ወደ ደረቴ እሰበስባለሁ።

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ውስጥ በአንድ የቡና ማበጠሪያ ድርጅት ተቀጠርኩ። ሥራዬ የሠራተኞችን ደህንነት መከታተል ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመቴ ነበር፤ ሰው ፊት መናገር ደግሞ ከልጅነቴ ያስፈራኛል።

በመጀመሪያው ቀን ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ወደ ማበጠሪያው ማሽን ወሰዱኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ ሰላም በዪው» አሉኝ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት አዴ ጫልቱ። ብረቱን ነካሁት። እስከ ክርኔ ነዘረኝ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። «በቃ፣ አሁን የእኛ ሆንሽ!» አዲስ ሰው የሚቀበሉት እንዲህ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ የፍተሻ ቅጽ ስሞላ «ማሽኑ የመሬት ሽቦ አለው» ከሚለው መስመር ላይ ደረስኩ፤ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይመታ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ኦቦ ገመቹን ጠየቅኋቸው።

«አለው፣ አለው። ትንሽ ንዝረት ደግሞ ድካም ያወጣል» ብለው ቀለዱ።

ከፍተው እንዲያሳዩኝ መጠየቅ አፈርኩ። ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ወለሉ ራሰ፣ መብራትም ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚፈራው የለም። ሴቶቹ የራሰ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጀርባቸውን ብረቱ ላይ አስደግፈው ወሬ ጀመሩ። አዴ ጫልቱ በባዶ እግራቸው ውሃው ውስጥ ተቀምጠዋል።

ያኔ ዋናው ማጥፊያ ትዝ አለኝ። መብራት መምጣቱ በማሽኑ መነሳት ቶሎ እንዲታወቅ ሁልጊዜ እንደበራ ነው የሚተወው።

«ከማሽኑ ራቁ» አልኩ። ድምፄን ዝናቡ ዋጠው። የሰሙኝ አዴ ጫልቱ ብቻ ናቸው።

«ምነው ልጄ? መብራት እኮ የለም። እሱም እንደ እኛ ዕረፍት ላይ ነው።» ሴቶቹ ሳቁ።

«ከኣ! ተነሱ! ከኣ!» ብዬ ጮህኩ። እንዲያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር። ሮጬ ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳብኩት።

ኦቦ ገመቹ ተቆጥተው መጡ። «ማነው ያጠፋው? መብራት ሲመጣ በምን ልናውቅ ነው?»

እጄን ከማጥፊያው ላይ አላነሳሁም። ምናልባት በከንቱ ጮኼ መሳቂያ ሆኜ ይሆናል እያልኩ አስብ ነበር።

ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ወደ ማጥፊያው ሲዘረጉ፣ ከአጥር ወዲያ ካለው ብረታ ብረት ቤት የመቁረጫው ጩኸት ተሰማ። መብራት መጥቷል።

ኦቦ ገመቹ እጃቸውን መለሱ። አዴ ጫልቱ እግራቸውን አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ጫማቸውን ፈለጉ።

በማግስቱ የማሽኑ ክዳን ተከፈተ። ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ገመድ ተልጦ ብረቱን ይነካል። የመሬት ሽቦው አንዱ ጫፍ በብሎን ታስሯል፤ ሌላው ጫፍ ከምንም ጋር አልተያያዘም። አሁን ሁሉም ተጠግኗል፤ መብራት ሲጠፋም ማጥፊያው ይወርዳል።

አዴ ጫልቱ ጠዋት ጠዋት በር ላይ እየጠበቁ ይመርቁኛል። ሽቦውን ሳላይ የፈረምኩበት ቅጽ ፋይል ውስጥ እንዳለ ነው፤ አልነገርኳቸውም። ሲመርቁኝ አንገቴን እደፋለሁ። እሳቸው ዓይን አፋርነቴ ይመስላቸዋል።